ከጉግስ እስከ ግራን ቱሪስሞ፦ የጋይንት መንገድና የፍጥነት ታሪክ

የእኛ ትውልድ እሽቅድምድምን የተማረው በሁለት አውራ ጣቱ ነው። ፕሌይስቴሽን ቤት ገብተን፣ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠን፣ ጆይስቲክ ጨብጠን፣ ተሸናፊ እየተነሳ፣ ወረፋ እየጠበቅን። አያቶቻችን ግን የተሽቀዳደሙት በፈረስ ነበር። እኛ አገር "ታሪክ" ሲባል ዘውድና ጦርነት ብቻ ይመስለናል እንጂ ጨዋታም ታሪክ አለው። ዛሬ የምናወጋችሁ ስለዚያ ነው፦ ስለ ማሳደድና ስለ ማምለጥ። ቦታውም ከጉና ተራራ ወዲያ፣ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ነው።

"ደግሞ ጋይንትን ከቪዲዮ ጌም ጋር ምን አገናኘው?" የምትሉ አትጠፉም። አትቸኩሉ፣ እንደርስበታለን።

አሳዳጅና ሸሺ

ጉግስን በቴሌቪዥን፣ በጥምቀት ሰሞን ያላየ ያለ አይመስለንም። በደጋው አገር ግን የመስቀልም የገናም የሠርግም ጨዋታ ነበር። ፈረሰኞች በሁለት ወገን ይሰለፋሉ። ከአንደኛው ወገን የተወሰኑት ይወጡና ይፎክራሉ፤ ከዚያም ፈረሳቸውን አዙረው ይሸሻሉ። ከወዲያኛው ወገን ያሉት ይከተላሉ፤ ሲቀርቡም ዘንግ ይወረውራሉ። ሸሺው ወይ በጋሻው ይመክታል፣ ወይ ፈረሱ አንገት ላይ ተለጥፎ ያሳልፈዋል። ቀጥሎ ተራው ይገለበጥና አሳዳጅ የነበረው ሸሺ ይሆናል።

ነገሩ ጨዋታ ብቻ አልነበረም። እየሸሹ ማዘናጋት፣ ድንገት መዞር፣ በግልቢያ ላይ መወርወር፣ ሁሉም የጦር ሜዳ ትምህርት ነው። ትልልቆቹ ሰዎች በፈረሳቸው ስም የሚጠሩትም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቴዎድሮስ "አባ ታጠቅ"፣ ዮሐንስ "አባ በዝብዝ"፣ ምኒልክ "አባ ዳኘው" ናቸው።

እኛን የሳበን ግን አንድ ትንሽ ነገር ነው፦ አንገት። በጉግስ የሸሺው ነፍስ አንገቱ ላይ ነው። ወደ ፊት እየጋለበ ወደ ኋላ ማየት አለበት። ዘንጉ ከቀኝ ነው ከግራ? አሳዳጁ ስንት ክንድ ቀረው? ይህን የሚነግረው ሌላ ማንም የለም፤ ራሱ ዞሮ ማየት አለበት። ይቺን ነገር ያዙልን፣ በኋላ እንመለስባታለን።

ሰባ ኩንታል በሰው ትከሻ

ፍጥነት በዚህ አገር ምን ያህል ውድ እንደነበረ ለማወቅ አጼ ቴዎድሮስን መጠየቅ ነው። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ በአውሮፓውያን ሚሲዮናውያን እጅ ያስቀለጡት "ሴባስቶፖል" የተባለው መድፍ ክብደቱ ወደ ሰባት ቶን፣ በእኛ አነጋገር ወደ 70 ኩንታል ይደርስ ነበር። በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ሲነሱ መድፉ አብሮ ተጎተተ። መንገድ ስላልነበረ መንገዱን እየሠሩ፣ ድንጋዩን እየፈነቀሉ፣ ገደሉን እየቆረጡ ነበር ጉዞው። ንጉሡ ራሳቸው ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ያነሱ እንደነበር አብረው የነበሩት አውሮፓውያን እስረኞች ጽፈዋል። ጋይንትን አቋርጠው፣ የጅጣንና የበሽሎን ሸለቆ ወርደውና ወጥተው መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው። ስድስት ወር ሊሞላ ምን ቀረው! ሚያዝያ 6 ቀን ደግሞ ሁሉም ነገር አበቃ።

ስለዚህ የዚህ አገር የመጀመሪያው ትልቅ "ማሽን" ከፈረስ ቀርቶ ከበሬም ያነሰ ፍጥነት ነበረው። ፈረሰኛው መሳቅ ይችል ነበር። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም።

ፈረስ ከአውሮፕላን ሲገናኝ

አዲስ አበባ የመጀመሪያዋን መኪና ያየችው በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነስቶ ለምኒልክ አመጣ። የመጀመሪያው አውሮፕላን፣ ፖቴዝ 25 የተባለው የፈረንሳይ ሥሪት፣ በነሐሴ 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ አረፈ። ስምንት ወር እንኳ ሳይሞላው ይኸው ማሽን ወደ በጌምድርና ወሎ ድንበር ተላከ።

የበጌምድር ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ የንግሥት ዘውዲቱ የቀድሞ ባል ናቸው፤ ከንጉሥ ተፈሪ ጋር ሆድና ጀርባ ሆነው ጦር አነሱ። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. አንቺም ሜዳ ላይ በደጃዝማች ሙሉጌታ ይገዙ ከሚመራው የማዕከላዊ መንግሥት ጦር ጋር ተጋጠሙ። ከሰማይ መጀመሪያ ወረቀት ወረደ፤ ወረቀቱ ከተፈሪ የከዳ የተወገዘ መሆኑን ይናገራል። ከዚያ ቦምብ ወረደ። ራስ ጉግሣ እዚያው ሜዳ ላይ ሞቱ። ንግሥቲቱም በሁለተኛው ቀን አረፉ።

እስኪ አስቡት። ዕድሜ ልኩን ጉግስ የተጫወተ፣ ከኋላው የሚመጣን ዘንግ በአንገቱ የሚያመልጥ ፈረሰኛ፣ አሳዳጁ ከላይ መጣበት። ጋሻውን ወዴት ያዙር? የፈረሰኛው ዘመን ያበቃበትን ቀን ጥቀሱ ብንባል እኛ ያቺን ቀን እንጠቅሳለን።

የቻይናዎቹ መንገድ

ቀጥሎ መንገዱ መጣ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1964 ዓ.ም. መባቻ ቻይናን ከጎበኙ በኋላ ቻይና ከወረታ ወልድያ የሚያደርስ መንገድ ለመሥራት ተስማማች። ርዝመቱ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ነው። ንጉሡ ወርደው፣ ደርግ ገብቶ፣ መንገዱ በደርግ ዘመን ተሠራ። ደብረ ታቦርን፣ ነፋስ መውጫን፣ ጨጨሆን፣ ጋሸናን አያያዘ። መጀመሪያ ጠጠር ነበር፣ ኋላ አስፋልት ለበሰ። ቴዎድሮስ በወራት የገፉትን ዛሬ አይሱዙ በሰዓታት ይጨርሰዋል።

መንገድ ግን ለሁሉም መንገድ ነው። ጤፍና ጨው ያመጣው መንገድ ጦርም ያመጣል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ነፋስ መውጫ ለዘጠኝ ቀናት በትግራይ ኃይሎች እጅ ስትወድቅ የከተማዋ ሴቶች የደረሰባቸውን መደፈር አምነስቲ ኢንተርናሽናል በኅዳር 2014 ዓ.ም. ይፋ አድርጓል። ስለ ጨዋታ እያወራን ይህን መዝለል አልፈለግንም። እዚያ ከተማ ያለ ወጣት ማሳደድና ማምለጥ የሚሉትን ቃላት ሲሰማ መጀመሪያ ትዝ የሚለው ጌም አይደለምና።

አንገታችን የት ሄደ?

አሁን ወደ እኛ ዘመን እንምጣ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1997 ጃፓን ውስጥ "ግራን ቱሪስሞ" የተባለው የመኪና ጌም ለፕሌይስቴሽን ወጣ። ሠሪው ካዙኖሪ ያማውቺ መኪና ነፍሱ የሆነ ሰው ነው፤ ጌሙም እንደ ሌሎቹ ሮጠህ ግባ ሳይሆን የመኪናውን ክብደት፣ የጎማውን መያዝ፣ የፍሬኑን ሰዓት የሚያስላ ሆነ። ከ10 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። እኛ አገር ፕሌይስቴሽን ቤቱን የገዛው ኳስ ቢሆንም፣ ጥግ ላይ አንድ መኪና የሚነዳ ልጅ አይጠፋም ነበር።

ያ ልጅ ግን አንገት አልነበረውም። ከኋላው ማን እንደመጣ ለማየት ቁልፍ ይጫናል እንጂ አይዞርም። ቢዞር የሚያየው ተራ የሚጠብቀውን ጓደኛውን ነው። ጠፍጣፋው ስክሪን ፍጥነቱን ሰጥቶ ዙሪያውን ወሰደበት። ከጉግስ የቀረው ጣት ብቻ ሆነ።

ዓይን ላይ የሚደረገው መሣሪያ የመለሰው ይቺን አንገት ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አይቫን ሰዘርላንድ የተባለው አሜሪካዊ የኮምፒውተር ሊቅ የራስ ላይ ስክሪን ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1968፣ ልክ መቅደላ ከወደቀች በመቶ ዓመቷ ነው። የእሱም እንደ ሴባስቶፖል ከባድ ስለነበር ከጣሪያ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር የሚሠራው። ሶኒ ለፕሌይስቴሽን የመጀመሪያውን ያወጣው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2016፣ ሁለተኛውን በየካቲት 2023 ነው። ሁለተኛው ለእያንዳንዱ ዓይን የራሱ ስክሪን አለው፤ ምስሉ በሴኮንድ እስከ 120 ጊዜ ይታደሳል፤ መሣሪያው ላይ የተገጠሙት አራት ካሜራዎች ጭንቅላታችሁ ወዴት እንደዞረ ይከታተላሉ። በወጣበት ቀን ግራን ቱሪስሞ 7 በነፃ ታደሰለትና ጨዋታው ከሞላ ጎደል በሙሉ በዚህ መሣሪያ መነዳት ቻለ።

አሁን ሾፌሩ መታጠፊያ ሲደርስ መኪናው ከመዞሩ በፊት ራሱ ዞሮ መውጫውን ያያል። ጎኑ የገባበትን መኪና በመስኮት ያየዋል። የጉግስ ተጫዋች ቢያየው "እህ፣ አሁን ገና ሰው ሆንክ" ይለዋል።

ዕዳ ግን አለው። ዓይን "እየበረርን ነው" ሲል፣ ሚዛናችንን የሚጠብቀው የውስጥ ጆሯችን "ኧረ ቁጭ ብለናል" ይላል። ሁለቱ ሲጣሉ የሚከፍለው ሆድ ነው፤ ያጥወለውላል። ፈረስ ላይ ይህ ጠብ የለም፤ ዓይንም ጆሮም ወገብም አንድ ቃል ይናገራሉ። ጀማሪ በአጭር በአጭሩ ቢለማመድ ይሻላል፤ ሲያጥወለውል ማውለቅ እንጂ መቻል ጀግንነት አይደለም።

ቁልፉ ማን ጋ ነው?

የገረመን ሌላ ነገር ነው። ግራን ቱሪስሞ 7 አብዛኛው ክፍሉ ያለ ኢንተርኔት አይከፈትም፤ ብቻችሁን ብትነዱ እንኳ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 ሰርቨሩ ለጥገና ተዘግቶ ከ30 ሰዓት በላይ ሲቆይ የዓለም ተጫዋች ጮኸ፤ ኩባንያው ይቅርታ ጠየቀ፣ ማካካሻም ሰጠ። ሠላሳ ሰዓት!

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ አማራ ክልል ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ሰሞን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆይቷል። ተማሪው፣ ነጋዴው፣ ልጁ ውጭ አገር ያለ ቤተሰብ፣ ሁሉም ጨለማ ውስጥ ከረመ። ከዚህ አንፃር የጌም ነገር ቅንጦት ነው፤ እናውቃለን። መሣሪያው ሲወጣ 550 ዶላር ነበር፣ በ2025 ወደ 400 ዶላር ወረደ፤ ለዚያውም ማጫወቻው ለብቻው ይገዛል። ግን ልዩነቱን አስተውሉት። ጉግስ ፈረስና ሜዳ ካለ ይኖራል፤ ከሩቅ ሆኖ የሚያጠፋው የለም። የእኛ ዘመን ጨዋታ ግን ማብሪያና ማጥፊያው እኛ እጅ ላይ አይደለም። አንዱ ቁልፍ ቶኪዮ፣ ሌላው አዲስ አበባ ነው።

ሁለተኛው ነገር፦ ጌሙ ሲወጣ የመሮጫ ሜዳዎቹ በሦስት ተከፍለው ነበር፤ አውሮፓ፣ አሜሪካ፣ እስያና ኦሽንያ። አፍሪካ የሚል የለም። ወደ 21 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን የጀርመኑን ኑርበርግሪንግ መታጠፊያ በቃሉ የሚያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ አለ፤ የጨጨሆን በር ግን አያውቀውም። ጥፋቱ የእሱ አይደለም። የተሣለለትን ነው የሚያየው።

ታዲያ እንሣለዋ! ዶሮ ከመታረድ የምታመልጥበትን "ኩኩሉ" የተባለ የስልክ ጌም የሠራው "ቅኔ ጌምስ" የእኛው አገር ልጆች ድርጅት ነው፤ ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥተዋል። ዶሮ ያስሮጡ ልጆች ፈረስ ማስጋለብ ያቅታቸዋል ብለን አናምንም። ዙሪያውን ማየት ለሚያስችል መሣሪያ ደግሞ ከጉግስ የተሻለ ጨዋታ ከየት ይመጣል? ወደ ፊት ትጋልባላችሁ፣ ወደ ኋላ ታያላችሁ፣ ጋሻ ታዞራላችሁ። ኢንተርኔት ሳይጠይቅ የሚከፈት ቢሆን ደግሞ ነፋስ መውጫም ወገዳም መካነ ኢየሱስም ይጫወተዋል።

ግን ጉግስን ለኮምፒውተር የሚያስተምሩት ኮምፒውተር የሚያውቁት አይደሉም። ፈረስ ሲሸሽ ጆሮው ወዴት እንደሚተኛ፣ ዘንግ ሲመጣ ጋሻ መቼ እንደሚነሳ የሚያውቁት ጋይንትና እስቴ ያሉ አዛውንቶች ናቸው። እነሱ ደግሞ ሰርቨር ላይ አልተቀመጡም። ካሜራ ያለው ስልክ የያዛችሁ፣ ለበዓል አገር ቤት የምትወርዱ፣ አያቶቻችሁን ጠይቁልን፤ ቅረጹልንም። ጌሙ ይቆያል፣ አዛውንቶቹ ግን አይቆዩም።

ቸር እንሰንብት።