አንድ አሥረኛ፣ ግን የምን? የሞጣና የቢቸና ገበሬዎች የክፍልፋይ ሙግት

እስቲ በቀላል ስሌት እንጀምር። መሬት የሌለው ገበሬ የሰው መሬት አርሶ 10 ዳውላ ጤፍ አገኘ እንበል። ለባለመሬቱ እርቦ፣ ማለትም አንድ አራተኛ ይሰጣል። ለመንግሥት ደግሞ አሥራት፣ ማለትም አንድ አሥረኛ አለበት። ስንት ይተርፈዋል?

ትምህርት ቤት እንደተማርነው ታህታቸው የተለያየ ክፍልፋዮችን ለመደመር መጀመሪያ የጋራ ታህት እንፈልጋለን። 1/4 ማለት 5/20፣ 1/10 ማለት 2/20 ነው፤ ሲደመሩ 7/20። ከ10 ዳውላ 3½ ይወጣል፣ 6½ ይቀራል።

አለቀ? አላለቀም። አሥራቱ አስቀድሞ ከተነሳ፣ እርቦው የሚሰላው ከቀሪው 9 ዳውላ ነው። የ9 ሩብ 2¼ ነው። ከ9 ላይ 2¼ ሲቀነስ 6¾ ይሆናል። ክፍልፋዮቹ ያው ናቸው፤ ገበሬው ግን ሩብ ዳውላ አተረፈ። ልዩነቱን ያመጣው «አንድ አራተኛ የምን?» የሚለው ጥያቄ ነው።

በምሥራቅ ጎጃም ይህ ጥያቄ ከጤፍም አልፎ ወደ መሬቱ ይደርሳል። በሞጣና በቢቸና አብዛኛው ገበሬ ጭሰኛ ሳይሆን ባለርስት ነበር። ርስት ከአቅኚ አባት ይቆጠራል፤ ወንዱም ሴቷም ይወርሳሉ። ስለዚህ አንድ ሰው በአባቱም በእናቱም በኩል ድርሻ ይጠይቃል። በአባቱ በኩል ከአንዱ አቅኚ መሬት 1/6፣ በእናቱ በኩል ከሌላው 1/8 ይደርሰዋል ብለው ያስቡ። በወረቀት ላይ 4/24 እና 3/24 ተደምረው 7/24 ይሆናሉ። ግን የምን 7/24? ሁለቱ መሬቶች ስፋታቸው አንድ አይደለም። ታህቱን ብናስተካክልም ሙሉው ካልታወቀ ድምሩ ባዶ ነው። ሙሉውን ለማወቅ ደግሞ መለካት የግድ ነው።

ችግሩም እዚያ ላይ ነበር። በቀላድ በተለካው የደቡብ አገር መሬቱ በጋሻ ተቆጥሮ ነበር፤ በ1937 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ለም የሆነ አንድ ጋሻ 15 ብር የመሬት ግብር፣ በአሥራት ፈንታ ደግሞ 35 ብር፣ በድምሩ 50 ብር ተተመነበት። ጎጃም ግን አልተለካም። ገበሬው ቀላድ ሲባል የሚታየው የግብር መጨመር ብቻ አይደለም፤ ርስቱ ከእጁ ሲወጣ ነው።

በ1960 ዓ.ም. አዲስ አዋጅ መጣ። አሥራት ቀረና በገበሬው ገቢ ላይ የሚታሰብ የእርሻ ገቢ ግብር ተተካ። በወረቀት ላይ ሲታይ ፍትሐዊ ይመስላል፤ ያለው ባለው መጠን ይክፈል ነው ነገሩ። ታዲያ ገቢውን ማን ይገምታል? ከየትኛው መሬት? ገበሬው ግምቱ የልኬት መጀመሪያ፣ ልኬቱም የርስት መጨረሻ ነው ብሎ ጠረጠረ። ባለሥልጣናቱን አስቀድሞም አያምናቸውም ነበር። ሞጣ፣ ቢቸናና ዳሞት አመፁ። መንግሥት ጦር ላከ፤ ሰው አለቀ፤ ንብረት ጠፋ። በመጨረሻ የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ተነሱ፤ ከ1942 ዓ.ም. ጀምሮ የተከማቸው ውዝፍ ግብርም ተሰረዘ።

ይህን አመፅ «ያልተማረ ገበሬ ለውጥ ጠልቶ» ብሎ ማለፍ ይቀላል። ግን እርቦን፣ ሲሶንና አሥራትን በየዓመቱ አውድማ ላይ የሚያካፍል ሰው ክፍልፋይ አያውቅም ማለት አይቻልም። ያልተዋጠለት ሙሉውን ሌላ ሰው እንዲወስንለት ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ እርቦንም ሲሶንም አስቀረ። አንድ ቤተሰብ ሊይዝ የሚችለው መሬት ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥም ወሰነ። ጋሻ 40 ሄክታር ገደማ ነውና ጣሪያው ሩብ ጋሻ መሆኑ ነው። አሁን ግን የምን ሩብ እንደሆነ በአዋጁ ላይ ተጽፏል።

እንግዲህ ልጅዎ ክፍልፋይ ደምሮ መልሱን ሲያሳይዎ፣ ታህቱን ካዩለት በኋላ አንድ ጥያቄ ያክሉበት፦ «የምን?»