አሥራ ሁለት ክር ያለው ኤሌክትሪክ ጊታር፤ ከፋብሪካ እስከ ነቀምቴ

እንደሚታወቀው የአገራችን የክር መሣሪያዎች መጀመሪያ የሚለዩት በክራቸው ቁጥር ነው። ማሲንቆ አንድ፣ ክራር አምስት ወይም ስድስት፣ በገና ደግሞ አሥር አውታር አላቸው። ክራር መቺ ቀንበሩ ላይ ያለውን መቃኛ አዙሮ፣ ብርኩማውን ገፋ አድርጎ መሣሪያውን ለእጁ ይገራዋል እንጂ ወደ ባለሙያ ቤት አይሄድም። የበገና ደርዳሪ ሥራ ከዚህም ይረቃል፤ በአውታሩና በብርኩማው መካከል የሚገባውን እንዚራ የተባለ ትንሽ ቆዳ ከፍና ዝቅ እያደረገ፣ አውታሩ የሚነዝርበትን ትክክለኛ ቦታ እስኪያገኝ ይደክማል። ይህ ንዝረት ጊታር ላይ ቢሰማ ባለቤቱ ተበላሸብኝ ብሎ ይጮኻል፤ በገና ላይ ግን የድምፁ ነፍስ ነው። ጉድለት የምንለው ነገር ከመሣሪያ መሣሪያ መለየቱን ለመሐንዲስ ማስታወስ ሳያስፈልግ አይቀርም።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን ከበገናም በሁለት ክር የሚበልጠው መሣሪያ ነው። አሥራ ሁለት ክር ያለው ጊታር በስድስት ጥንድ የተደራጀ ሲሆን፣ የላይኞቹ ሁለት ጥንዶች አንድ ዓይነት ድምፅ፣ ወፋፍራሞቹ አራት ጥንዶች ግን አንዱ ከሌላው በስምንተኛ ድምፅ ከፍ ያለ ቅኝት አላቸው። በአሜሪካ የጊብሰን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1958 ባለ ሁለት አንገት ኤሌክትሪክ ጊታር ሲያወጣ አንደኛው አንገት አሥራ ሁለት ክር ነበረው። መሣሪያው በዓለም የታወቀው ግን በሪከንባከር ነው። ይህ የካሊፎርኒያ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1963 ባለ አሥራ ሁለት ክሩን ሠርቶ፣ በየካቲት 1964 ቢትልሶች ኒው ዮርክ በገቡ ጊዜ አንዱን ለጆርጅ ሃሪሰን ሰጠ። በዓመቱ በርድስ የተባለው ቡድን ያንኑ ድምፅ የራሱ መለያ አደረገው፤ ፌንደርም የራሱን ዓይነት ይዞ ወደ ገበያ ወጣ።

አሥራ ሁለት መቃኛ በአንድ ራስ ላይ መደርደር ጭንቅላቱን አስረዝሞ መሣሪያውን ወደፊት ያዘነብለዋል። የሪከንባከር ሠራተኞች ስድስቱን መቃኛ በጎን፣ ስድስቱን ደግሞ እንደ ክላሲካል ጊታር ወደ ኋላ አዙረው በማቀማመጥ ችግሩን በሚያምር ዘዴ ፈቱት። ብርኩማው ላይ ግን ያንን ያህል አልተጠነቀቁም። ለአሥራ ሁለት ክር ስድስት መቀመጫ ብቻ ስለነበረው፣ ቀጭኑና ወፍራሙ ክር በአንድ ርዝመት እንዲስማሙ ይገደዱ ነበር። ፌንደር ለእያንዳንዱ ክር የየራሱን መቀመጫ ሰጠ። በበኩሌ በዚህ ነጥብ የምፈርደው ለፌንደር ነው።

ዋናው ጉዳይ ጭነቱ ነው። መደበኛ ስስ ክር የተገጠመለት ስድስት ክር ኤሌክትሪክ ጊታር አንገቱ ላይ ወደ 47 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ውጥረት ይሸከማል። አሥራ ሁለት ሲሆን ጭነቱ ወደ አንድ ኩንታል ይጠጋል። ለወለጋ ሰው ይህን ማስረዳት ቀላል ነው፤ ከሁለት ጣት ብዙ በማይወፍር እንጨት ላይ አንድ ኩንታል ቡና ቀንና ሌሊት ተንጠልጥሏል ማለት ነው። ይህን የሚቋቋመው በአንገቱ ውስጥ የተቀበረ የብረት ዘንግ ሲሆን፣ የጊብሰኑ ታዴየስ ማክህዩ እ.ኤ.አ. በ1921 ለፈጠራ መብቱ አመልክቶ በ1923 አግኝቷል። ብረቱን ስቦ እንጨቱን ከጭነቱ በተቃራኒ ማጉበጥ በፕሪስትረስድ ኮንክሪት የምናውቀው ሐሳብ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ኬቮርክ ናልባንዲያን ከአርባዎቹ የአርመን ወጣቶች ጋር እ.ኤ.አ. በ1924 አዲስ አበባ ሲገባ ዘመኑ የነሐስ መሣሪያ ነበር። ኤሌክትሪክ ጊታር ቦታውን ያሰፋው በ1960ዎቹ ሲሆን፣ በኋላም የአይቤክስ ባንዱ ሰላም ሥዩም ወልደማርያም በእጁም በጥናቱም ታሪኩን አክብሮታል። በወለጋ መዝሙር ከጽሑፍ ጋር የተቆራኘ የቆየ መሠረት አለው፤ ኦኔሲሞስ ነሲብ የተረጎመው የኦሮምኛ መዝሙር መጽሐፍ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1886 ነው። ጊታር በመዘምራንና በደርግ ዘመን የኪነት ቡድኖች እጅ ወደ ክፍለ ሀገር ከተሞች ሲደርስ ግን መሣሪያው ብቻውን መጣ፤ መፍቻውና ባለሙያው አብረውት አልመጡም።

ይህን ያየሁት በ2009 ዓ.ም. ለሕንፃ ሥራ ነቀምቴ በነበርኩበት ወቅት ነው። ጎረቤቶቼ የነበሩ መዘምራን አንድ አሮጌ ባለ አሥራ ሁለት ክር ኤሌክትሪክ ጊታር ነበራቸው። አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ክሩ ከጣውላው 4 ሚሊ ሜትር ርቆ ስለነበር የምትጫወተው ልጅ ጣቷ እየደማ አቋርጣ ነበር። አንድ የአዲስ አበባ ጥገና ቤት «አንገቱ ሞቷል» ብሎ መልሶታል። ልጆቹ ስድስቱን ክር አውልቀው ስድስቱን ሲያስቀሩ ትንሽ ረገበ፤ ነገር ግን ያ ከሆነ መሣሪያው ስሙ ብቻ ቀርቷል።

ኦቦ እያልን የምንጠራቸው አዛውንት መካኒክ ጋራዥ ውስጥ ይዤው ገባሁ። «ኢንጂነር፣ ይኼ ደግሞ ስንት ሲሊንደር ነው?» አሉኝ። የቫልቭ ክፍተት የሚለኩበትን ፊለር ጌጅ አወጡ። ክሩን መጀመሪያውና መጨረሻው ፍሬት ላይ ስንጫነው እንደ ግንበኛ ስፓጎ ቀጥ አለ፤ መሐሉ ላይ ያለው ክፍተት ከአንድ ሚሊ ሜትር በለጠ። ክሮቹን አላልተን የዘንጉን ብሎን፣ ዝገቱን በዘይት አርሰን፣ ሩብ ዙር አጠበቅን። ኦቦ ከዚያ በላይ እንድነካው አልፈቀዱም፤ «እንጨት ይደር» አሉ። አራት ሌሊት አደረ፤ በየጧቱ ሩብ ሩብ እየጨመርን ክፍተቱን 0.25 ሚሊ ሜትር አደረስነው። ከአዲስ አበባ በሚኒባስ በተላከልን አዲስ ክር ሁሉንም አሥራ ሁለቱን ገጠምን። ከዚያ የራስጌውን የአጥንት ቁራጭ ጎድጓዶች በቀጭን ሞረድ አጠለቅን፣ ብርኩማውን ዝቅ አደረግን፣ በመጨረሻም እያንዳንዱ ክር ክፍቱንና አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ተይዞ በትክክል በስምንተኛ ድምፅ እንዲለያይ መቀመጫውን ገፋ መለስ አደረግን። አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ከፍታው 1.8 ሚሊ ሜትር ሆነ። ልጅቱ በዚያው እሑድ አሥራ ሁለቱንም ክር መታች።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ነቀምቴ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሆና ዝናቧ ከግንቦት እስከ መስከረም ይበረታል፤ ታኅሣሥና ጥር ደግሞ ደረቅ ናቸው። በክረምት ያቃናነው አንገት ጥር ላይ ከመጠን በላይ ቀጥ ብሎ የመጀመሪያዎቹ ፍሬቶች መንዘር ጀመሩ። ብሎኑን ስምንተኛ ዙር አላላንና ዝም አለ። ስለዚህ መፍቻውን ከጊታሩ መያዣ ሣጥን ውስጥ በገመድ አስረን ትተንላቸዋል፤ ከጎኑም በየትኛው ወር በየት በኩል ስንት እንደሚዞር ኦቦ በእጃቸው በኦሮምኛ የጻፉት ወረቀት አለ።