«ሞልቶ ሞልቶ ቆመ»

በየቤቱ የቆየ የእጅ ሰዓት ሲቆም ጥፋተኛ አይታጣም፤ ጥፋተኛው መጨረሻ ላይ የነካው ሰው ነው። «ከልክ በላይ ሞልተኸው ነው!» አርብ ገበያም ይሁን ፒያሳ ክሱ አንድ ነው። ብዙውን ጊዜ ደግሞ በሐሰት ነው።

የታች ጋይንቷ አርብ ገበያ ስሟ ራሱ የቀን መቁጠሪያ ነው። ቀኑን ለማወቅ ገበያው፣ ሌሊቱን ለማወቅ ዶሮው፣ ቀትሩን ለማወቅ ጥላው ይበቃ ነበር፤ የቤተ ክህነት ሰዎችም ጥላን በጫማ ይለኩ ነበር። ጥላ መሙላት አይፈልግም። (የክረምቱ ደመና ካልመጣበት በቀር!) የእጅ ሰዓት በዓለም የተስፋፋው ከ1906 እስከ 1911 ዓ.ም. ከተካሄደው የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ወዲህ ነው። ወደ ገጠሩ ሲዘልቅ የአስተማሪው፣ የወታደሩ፣ የሾፌሩ እጅ ላይ ሆኖ የክብር ምልክት ሆነ። የክብር ዕቃ ደግሞ ሲበላሽ ያጣላል።

ቃሉን እንየው። ሰዓት «እንሞላለን»፤ ውስጡ የሚጠቀለለው ብረት ደግሞ «ሞላ» ይባላል። የመጀመሪያው ከግዕዙ «መልአ» ጋር ዘመድ ነው፤ ሁለተኛው ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ እዚያም ሞላ ሞላ ነው። ሁለቱ ቃላት ባይዛመዱም ግጥምጥሞሹ ሳያሳስተን አልቀረም፤ ሰዓቱን እንደ እንስራ ሞልቶ የሚፈስ አድርገን እናየዋለን።

ሞላው ግን ተጠቅልሎ ሲያልቅ መሙያው እምቢ ይላል፤ በቃ። ከዚያ ወዲያ በጉልበት ያጠመዘዘ ይሰብረዋል እንጂ እምቢ ሲለው የተወው ምንም አላጠፋም። ሞልቶ የማይሄድ ሰዓት ዘይቱ ደርቋል ወይም ቆሻሻ ገብቶበታል፤ ጉልበቱ አለ፣ መንገዱ ግን ተዘግቷል። መሙያው ያለ ምንም ትግል ዝም ብሎ ከዞረ፣ ሞላው ተበጥሷል ወይም ከመንጠቆው ወጥቷል። ሲለቁት ወደ ኋላ ከሸሸ፣ ሞላው እንዳይፈታ የምታግደው ትንሽ ጥርስ አልያዘችም። ኦቶማቲክ የሆነ እንደሆነ ደግሞ እምቢ አይልም፤ ሲሞላ የሞላው ጫፍ እንዲንሸራተት ተደርጎ ስለተሠራ ነው።

«ጌትዬው በሞቱ ማግስት ሰዓቱም ቆመ» ሲባል ያልሰማ አለ? በእጅ የሚሞላ ሰዓት አንዴ ተሞልቶ የሚሄደው ወደ አንድ ቀን ተኩል ነው፤ ለቅሶ ላይ ማን ይሙላው! ኦቶማቲኩም ያው ነው፤ ባለቤቱ አልጋ ከያዘ የሚያወዛውዘው ክንድ የለም።

በታኅሣሥ 1962 ዓ.ም. የጃፓኑ ሴይኮ ባለ ባትሪ የእጅ ሰዓት ለገበያ አቀረበ። ከዚያ ወዲህ መሙላት ቀስ በቀስ ተረሳ፤ ፈትቶ፣ አጥቦ፣ ዘይት የሚቀባውም እጅ እየተመናመነ፣ ብዙው ሰዓት ሠሪ ባትሪ ቀያሪ ሆነ።

እንግዲህ የአባቱን ሰዓት ከሣጥን ያወጣ ልጅ አምስት ስድስት ጊዜ ቀስ ብሎ ያዙረው። ሰከንድ ቆጣሪው ትንሽ ሄዶ ከቆመ ይተወው፤ እያራገፈ አያስነሳው። በደረቀ ዘይት የሚሄድ ሰዓት የራሱን ዘንጎች ይበላል።