ጉባኤው ቦሌ ሊመጣ ነበር

ከሳንሱሲ ቦሌ ለመድረስ ታክሲ መቀያየር ግድ ነው። በ2012 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ግን ከዓለም ዙሪያ የተውጣጡ የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪዎች ባሕር ተሻግረው እዚያው ቦሌ፣ ሚሌኒየም አዳራሽ ሊሰበሰቡ ቀጠሮ ይዘው ነበር። ይህንን የነገረችን የአንዲት አባላችን ልጅ ናት። ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ታጠናለች። በወር ስብሰባችን ቡና እየተፈላ ሳለ፣ «ከስንት አገር መርጠው እኛ ጋ እንዴት አሰቡ?» ብለን ጠየቅናት። መልሱ ከማኅበራችን ታሪክ ጋር የሚቀራረብ ሆኖ ስላገኘነው ለአባላትና ለደጋፊዎቻችን ልናካፍል ወደድን።

ነገሩ የሚጀምረው በሴቶች ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 በአሜሪካ፣ ቴክሳስ ውስጥ በተደረገ አንድ የኮምፒውተር ጉባኤ ላይ የተገኙት ሴቶች እጅግ ጥቂት ነበሩ። አኒታ ቦርግ የተባሉ ባለሙያ ከጥቂቶቹ ጋር በሴቶች መጸዳጃ ቤት ተገናኝተው ወሬ ጀመሩ። አብረው ማዕድ ቆረሱ፤ አድራሻም ተለዋወጡ። ከዚያች ጨዋታ «ሲስተርስ» የተባለ፣ በኢሜይል የሚመካከር የሴት ባለሙያዎች ስብስብ ተወለደ። እ.ኤ.አ. በ1994 ደግሞ አኒታ ቦርግ ከባልደረባቸው ቴሌ ዊትኒ ጋር ሆነው በአሜሪካዊቷ የኮምፒውተር ሊቅ በግሬስ ሆፐር ስም የተሰየመ የሴቶች ጉባኤ በዋሽንግተን ከተማ ከፈቱ።

ሁለተኛው ምዕራፍ የእኛ ከተማ ልጆች ታሪክ ነው። ትምኒት ገብሩ አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉ፣ በአሥራዎቹ ዕድሜያቸው በጦርነቱ ምክንያት አገር ለቀው የወጡ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ ሳሉ፣ ባርሴሎና ላይ በተካሄደ ትልቅ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ጉባኤ ተገኙ። አዳራሹ በሺዎች በሚቆጠር ሰው ተሞልቷል። ዙሪያቸውን ቢያዩ ግን ጥቁር ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። በማግስቱ ዓመት በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ከሚማሩት፣ እንደ እሳቸው አዲስ አበባ ካደጉት ከረድኤት አበበ ጋር ሆነው «ብላክ ኢን ኤአይ» የተባለውን ስብስብ መሠረቱ። የመጀመሪያው ዐውደ ጥናታቸው በዚያው በ2017 ከዋናው ጉባኤ ጎን በካሊፎርኒያ ተካሄደ። ስብስቡ ወጣት ተመራማሪዎችን ያማክራል፤ ለጉዞ ገንዘብ ለሌለው ገንዘብ ያፈላልጋል።

ገንዘብ ተገኘ ማለት ግን በር ተከፈተ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 ጉባኤው ካናዳ፣ ሞንትሪያል ላይ ሲሆን፣ ከአፍሪካ ከተጋበዙት ብዙዎቹ ቪዛ ተከለከሉ። ጥናታቸው ተቀባይነት አግኝቷል፤ እነሱ ግን ቀሩ። ስብስቡ ዝም አላለም፤ ነገሩን አደባባይ አወጣው። በዚያው ሰሞን የሌላ ትልቅ ጉባኤ መሥራች የሆኑት ካናዳዊው ፕሮፌሰር ዮሽዋ ቤንጂዮ፣ የ2020ው ጉባኤያቸው አፍሪካ፣ አዲስ አበባ ላይ እንደሚሆን አስታወቁ። እንግዳው መምጣት ካልቻለ ድግሱ ወደ እንግዳው ይሂድ እንደማለት ነው።

ቀጠሮው ከሚያዝያ 18 እስከ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ሆኖም መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን ተገኘ። ጉባኤው ሙሉ በሙሉ በኢንተርኔት ሆነ። ሚሌኒየም አዳራሽም ብዙም ሳይቆይ አልጋ ተደርድሮበት የኮሮና ታማሚዎች ማከሚያ ሆነ። ጉባኤው በአካል አፍሪካን የረገጠው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 ኪጋሊ ላይ ነው። እኛ ጋ ሊመጣ የነበረው እንግዳ ጎረቤት ገባ።

ይህንን ስንሰማ የራሳችን ነገር ትዝ አለን። ማኅበራችን ከመቋቋሙ በፊት በእድር መዝገብ የሚጻፈው የአባወራው ስም ነበር። ድንኳን ውስጥ ወጥ የምንሠራው እኛ፣ ውሳኔ ላይ የሚቀመጠው ሌላ። ቁጠባችንን በራሳችን ስም ስንጀምር ነው ድምፃችን የተሰማው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ደግሞ መሃል ከተማ ለሴቶች ነፃ የኮምፒውተር ሥልጠና አለ ተብለን ተጠራን። ዝግጅቱን ያሰናዱት ሰዎች ቅን ነበሩ። ይሁን እንጂ ትምህርቱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ይጀምራል፤ የታክሲ ገንዘብ የለም፤ ልጅ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ከእኛ አምስት ሴቶች ጀመሩ፤ የጨረሰችው አንዲት ናት። አራቱ የቀሩት ሰነፍ ስለሆኑ አልነበረም። ጨቅላ ልጅ ያላት፣ ጠዋት እንጀራ ለሱቅ የምታደርስ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ለሦስት ታክሲ የምትከፍል ሴት «ነፃ» የተባለው ነገር ለእሷ ነፃ አይደለም። ያንን ግን አስቀድሞ የጠየቃት የለም።

ትምኒትና ረድኤት የሠሩትን ስናስበው ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ትልልቆቹ ጉባኤዎች በራቸውን ዘግተው አልነበረም፤ መግቢያው ለሁሉም ክፍት ነው ይሉ ነበር። ማን እንደቀረ፣ ለምን እንደቀረ የቆጠሩት ግን የቀሩት ወገኖች ናቸው። ስብስቡ ባይኖር ኖሮ ቪዛ የተከለከለው ሰው እያንዳንዱ ለብቻው አዝኖ ቤቱ ይቀመጥ ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው የሚባለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ በመጪው ጠቅላላ ስብሰባ አንድ ሐሳብ ይዘን እንቀርባለን። ከወር መዋጮአችን ትንሽ ተቀንሶ ለሴት ልጆቻችን ሥልጠና የታክሲ መክፈያ ይሁን፤ ሕፃናትን በተራ የምንጠብቅበት ሰዓትም ይመደብ። ኮምፒውተር የምታጠናው ልጃችን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በመሰብሰቢያችን ለማስተማር ቃል ገብታለች። ደጋፊዎቻችንን ደግሞ ከገንዘቡ በፊት አንድ ነገር እንለምናለን፤ ዝግጅት ስታስቡ ሰዓቱንና ቦታውን ከመወሰናችሁ በፊት ጠይቁን። ሳንሱሲ ድረስ ብትመጡ ቡና ይፈላል።