የተቃጠለው ረቂቅ

የድርሰት መምህራን ተማሪዎቻቸውን «አስፈሪ አጭር ልቦለድ ጽፋችሁ ኑ» ሲሏቸው አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርብላቸው ደም፣ መቃብርና ጩኸት ነው። አንባቢ ግን ደም ስላየ ብቻ አይፈራም። ይህን በውድ ዋጋ የተማረ አንድ ደራሲ አለ፤ መምህርቱ የገዛ ሚስቱ ነበረች፣ ክፍሉም የሕመምተኛ ቤት ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን በ1850 በስኮትላንዷ ከተማ በኤድንብራ ተወለደ። በ1885 መጸው በደቡብ እንግሊዝ የባሕር ዳርቻ፣ በቦርንማውዝ፣ አባቱ ለምራታቸው ለፋኒ በስጦታ በገዙላት ቤት ይኖር ነበር። ሳንባው የታመመ፣ ደም የሚተፋ ሰው በመሆኑ ብዙውን ጊዜ የሚጽፈው አልጋው ላይ ሆኖ ነው። «ትሬዠር አይላንድ» በ1883 በመጽሐፍ ታትሞ ስሙን አስጠርቶለታል፤ ኪሱን ግን አልሞላለትም። እንግሊዛውያን በገና ሰሞን እሳት ዳር ተቀምጠው የሙታን መንፈስ ታሪክ የማንበብ ልማድ ነበራቸውና አሳታሚዎች በአንድ ሽልንግ የሚሸጥ አስፈሪ ታሪክ ይፈልጉ ነበር። እንግዲህ የነገሩ መነሻ የጥበብ ጥማት ብቻ አልነበረም፤ ዕዳም ነበረበት።

ሐሳቡ ግን ዱሮም ከእሱ ጋር ያደገ ነው። በልጅነት ክፍሉ ውስጥ ቆሞ የነበረውን ቁም ሣጥን የሠራው ዊልያም ብሮዲ የተባለ ሰው ነበር። ብሮዲ በኤድንብራ ቀን የተከበረ የእንጨት ሥራ ባለሙያና የከተማው ምክር ቤት አባል፣ ሌሊት ደግሞ ሌባ ነበር። የደንበኞቹን ቁልፎች ቅርጽ እየቀዳ ቤታቸውን ሲዘርፍ ኖሮ በ1788 በስቅላት ተቀጣ። (የባንክ ሠራተኛ ነኝና ስለ ቁልፍ ሲወራ ጆሮዬ ይቆማል። ካዝና በሁለት ሰዎች እጅ ባሉ ሁለት ቁልፎች እንጂ በአንድ ሰው ብቻ አይከፈትም። ይህን ደንብ ያወጣው ሰው ብሮዲን በሚገባ ያውቀው ነበር እላለሁ።) ስቲቨንሰን በብሮዲ ሕይወት ላይ ከወዳጁ ከባለቅኔው ከሄንሊ ጋር ሆኖ ተውኔት ጽፏል። ይኸው ሄንሊ አንድ እግሩን በሕመም ያጣ፣ «ትሬዠር አይላንድ» ውስጥ ላለው ባለ አንድ እግር የባሕር ወንበዴ ምሳሌ የሆነ ሰው ነው።

ደራሲው በ1888 ስለ ሕልም ባሳተመው መጣጥፍ እንደሚነግረን፣ ከዚያ ቀደም ብሎ በዚሁ የሁለትነት ሐሳብ ላይ ሌላ ታሪክ ጽፎ ነበር። አንድ አርታዒ የሊቅ ሥራ ነው፣ ነገር ግን ነውር አለበት ብሎ መለሰለት። ስቲቨንሰንም ቆይቶ ያንን ታሪክ አቃጠለው፤ የሊቅ ሥራ ሆኖ አልታየውምና።

ከዕለታት በአንዱ ሌሊት ተኝቶ ሳለ ጮኸ። ፋኒ ደንግጣ ቀሰቀሰችው። እሱ ግን ግሩም የሆነ አስፈሪ ሕልም አቋረጥሽብኝ ብሎ ተቆጣ። ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው የዶክተር ጄኪልና የሚስተር ሃይድ ታሪክ ከዚያ ሕልም ተነሣ። የመጀመሪያውን ረቂቅ በጥቂት ቀናት ጽፎ ለፋኒና ለእንጀራ ልጁ ለሎይድ አነበበላቸው። የአሥራ ሰባት ዓመቱ ሎይድ ተደመመ። ፋኒ ግን ዝም አለች።

ዝምታዋን ስትሰብር የተናገረችው ነገር፣ በእኔ ግምት፣ በአስፈሪ ልቦለድ ታሪክ ውስጥ ከተሰጡት ሂሶች ሁሉ የላቀው ነው። በስቲቨንሰን ዘመድና የሕይወት ታሪኩ ጸሐፊ በግራሃም ባልፎር ምስክርነት፣ በመጀመሪያው ረቂቅ ጄኪል ከሥሩ ክፉ ሰው ነበር፤ ሃይድ መሆንም ለእሱ መደበቂያ ጭምብል ብቻ ነበር። ፋኒ ይህ ተራ የወንጀል ታሪክ ነው፣ የውስጡን ትርጉም ስተኸዋል አለችው። ልዩነቱን ልብ በሉ። ክፉ ሰው ጭምብል ሲያጠልቅ ብሮዲ ነው፤ ፖሊስ ይይዘዋል፣ ነገሩም ያበቃል። ደግ ሰው በውስጡ ያለውን ሌላ ሰው በገዛ እጁ ሲለቀው ግን ማን ይይዘዋል? አንባቢው ወንጀለኛውን ከሩቅ ማየቱን ትቶ ወደ ራሱ ይመለከታል።

ስቲቨንሰን በቁጣ ነደደ። ከዚያ በኋላ የሆነውን የሚነግሩን ሰዎች አይስማሙም። እንደ ሎይድ ትረካ፣ ደራሲው ወደ ክፍሉ ሄዶ ቆይቶ ተመለሰ፤ ልክ ነሽ ብሎም ረቂቁን እሳት ውስጥ ጣለው። እንደ ባልፎር ከሆነ ፋኒ ሂሷን በጽሑፍ ትታለት ወጥታ ነበር፤ ደውል ደውሎ ሲያስጠራት አልጋው ላይ ሆኖ በጣቱ ወደ አመድ ክምር አመለከታት። በ2000 ደግሞ ፋኒ ለሄንሊ የጻፈችው አንድ ደብዳቤ ብቅ አለ። ተመራማሪዎች ስለዚሁ ረቂቅ ነው ባሉት በዚህ ደብዳቤ፣ ባሏ ታላቁ ሥራዬ ነው ያለውን የማይረባ ጽሑፍ ለሄንሊ ካሳየችው በኋላ ራሷ እንደምታቃጥለው ትናገራለች። አንዳንዶች በዚህ ምክንያት ፋኒን የኪነ ጥበብ ጠላት አድርገው ሲያቀርቧት ማየት ያስገርማል። ክብሪቱን የጫረው ማንም ይሁን ማን፣ ታሪኩን ከጭምብል ወደ ነፍስ ያሻገረው ሐሳብ የእሷ ነበር። በመጽሐፉ ሽፋን ላይ ግን ስሟ የለም።

ሌላም ተረት አለ። ሎይድ ስቲቨንሰን በስድስት ቀን 64,000 ቃላት ጻፈ ይላል። የታተመው መጽሐፍ 26,000 ቃላት ገደማ ነው፤ የእንጀራ ልጅ ፍቅር ቁጥር ያበዛል። ከእሳቱ የተረፉት በኋላ የተጻፉ ረቂቆች ቁርጥራጮች የሚያሳዩን ሥራው ከዚያም በኋላ በብዙ እርማት እንዳለፈ ነው። በእነዚህ ውስጥ የጄኪል የወጣትነት ኃጢአት ገለጥ ብሎ ተጽፏል፤ በታተመው ላይ ግን ደብዝዟል። ሃይድንም ያዩት ሁሉ አንዳች ጉድለት እንዳለበት ይሰማቸዋል እንጂ ጉድለቱ ይህ ነው ብሎ የሚናገር አንድም ሰው የለም። ደራሲው ሲያርም የጨመረው ዝምታን ነው።

መጽሐፉ ለገና ሳይደርስ ቀርቶ በጥር 1886 ወጣ፤ ሽፋኑ ላይ የታተመው 1885 በእጅ ታርሞ 1886 ተደረገ። በስድስት ወር ውስጥ በእንግሊዝ ወደ 40,000 ቅጂ ተሸጠ።

በዚያው ዓመት ፍሬድሪክ ማየርስ የተባለ፣ የአእምሮን ምሥጢር የሚመረምር ምሁር፣ መጽሐፉን አወድሶ መታረም ይገባቸዋል ያላቸውን ነጥቦች ዘርዝሮ ላከ። ስቲቨንሰን አልተቆጣም። በመጋቢት በጻፈው መልስ ከሞላ ጎደል በሁሉም እንደሚስማማ፣ ገሚሱንም ቀድሞ ያውቀው እንደ ነበር፣ አንድ ዓመት አስቀምጦ ሊያየው ቢችል ኖሮ ብዙው ስሕተት እንደማይፈጠር ነገረው። ነገር ግን የሥጋ ሻጩ ዕዳ ቀን አይሰጥም፤ ታሪኩ ታስቦ፣ ተጽፎ፣ ሁለት ጊዜ እንደገና ተጽፎ የታተመው በአሥር ሳምንት ውስጥ ነው አለው። የማየርስ እርማቶች በመጽሐፉ ውስጥ ሳይገቡ ቀሩ።