ብዙዎች አንድ ነገር ሲያስቡ ዕጣ ያዘነብላልን? የፕሪንስተን መሣሪያዎች ታሪክ ለጸሎት አገልጋዮች

እንዲህ ያለ ንግግር ከመድረክ ሰምታችሁ ይሆናል፤ ምናልባትም ራሳችሁ ተናግራችሁት ይሆናል። «ሚሊዮኖች በአንድ ልብ ሲሆኑ መሣሪያ እንኳ እንደሚነቃነቅ ሳይንቲስቶች አረጋግጠዋል፤ እኛ ሁላችን በአንድ ሰዓት ብንጸልይማ!» ባለፈው ሴሚስተር አንድ ተማሪዬ ይህንኑ የስብከቱ መግቢያ አድርጎ አመጣልኝ። ምንጩን ስጠይቀው ከአንድ ሰባኪ እንደ ሰማው ነገረኝ። ሰባኪውም ከሌላ ሰምቶ ይሆናል። ስለዚህ ወሬው ከየት እንደ ተነሣና የት እንደ ደረሰ አብረን እንመልከት።

ታሪኩ የሚጀምረው በአሜሪካ በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ነው። ሮበርት ጃን የሮኬት መግፊያ ኃይልን ያጠኑ የታወቁ ምሁርና የዩኒቨርሲቲው የምህንድስና ትምህርት ቤት ዲን ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1979 የሰው አሳብ በመሣሪያ ላይ ለውጥ ያመጣ እንደ ሆነ የሚመረምር ቤተ ሙከራ ከፈቱ፤ ብሬንዳ ደን ሥራውን ታስተባብር ነበር። ዋናው መሣሪያቸው ከኤሌክትሮኒክ ክፍሎች በሚወጣ ጩኸት እየተመራ «አንድ» ወይም «ዜሮ» በዘፈቀደ የሚያወጣ ሳጥን ነው። በፍጥነት ሳንቲም የሚወረውር ማሽን አድርጋችሁ አስቡት። በእያንዳንዱ ሙከራ 200 ጊዜ «ይወረውራል»፤ ስለዚህ «አንድ» በአማካይ 100 ጊዜ መውጣት አለበት። ተሳታፊው ከሳጥኑ ፊት ይቀመጥና አንድ ጊዜ ቁጥሩ ከፍ እንዲል፣ ሌላ ጊዜ ዝቅ እንዲል ይመኛል፤ ሦስተኛ ጊዜ ደግሞ ምንም አይመኝም።

በ12 ዓመት ውስጥ 91 ሰዎች ወደ 2.5 ሚሊዮን የሚጠጉ ሙከራዎች አደረጉ። ውጤቱ እንደ ምኞቱ አዘነበለ ተባለ፤ ነገር ግን ያዘነበለው ከ10,000 ውስጥ በጥቂት ነጥብ ብቻ ነው። ይህን ያህል ጥቃቅን ልዩነት በዓይን አይታይም፤ የሚገኘው በብዙ ድምር ብቻ ነው። በብዙ ድምር የሚገኝ ነገር ደግሞ ትንሽ ስሕተት ሲገባበት አብሮ ይደመራል። ስለዚህ የነገሩ መፈተኛ ሌሎች ሲደግሙት የሚታየው ነበር። በጀርመን የሚገኙት የፍራይቡርግና የጊሰን ተመራማሪዎች ከፕሪንስተኑ ቡድን ጋር ተስማምተው፣ የሚጠበቀውን ውጤት አስቀድመው ጽፈው፣ ሙከራውን ደገሙት። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2000 ታተመ፤ ዋናው የተጠበቀው ነገር አልተገኘም። ሦስቱም ቡድኖች ይህን በግልጽ መጻፋቸው የሚያስመሰግናቸው ነው። እኛ አገልጋዮች ያልተፈጸመ ትንቢትን በዚህ ያህል ግልጽነት የምናትመው ስንት ጊዜ ነው? ቤተ ሙከራው እ.ኤ.አ. በ2007 ተዘጋ።

ከመድረክ የሚጠቀሰው ግን የዚህ ቤተ ሙከራ ልጅ ነው። በዚያው ይሠሩ የነበሩት ሮጀር ኔልሰን ጥያቄውን ከግለሰብ ወደ ሕዝብ አሻገሩት፤ የብዙ ሰው ትኩረት በአንድ ነገር ላይ ሲያርፍ መሣሪያዎቹ ይለወጡ ይሆን? የልዕልት ዲያና የቀብር ሥነ ሥርዓት ሲካሄድ መረጃ ሰበሰቡ፤ በ1998 ደግሞ የዓለም አቀፍ ንቃተ ኅሊና ፕሮጀክትን ጀመሩ። በልዩ ልዩ አገሮች የተቀመጡ፣ በኋላም ከ60 በላይ የደረሱ ሳጥኖች በየሰከንዱ ቁጥር እያወጡ በኢንተርኔት ወደ ፕሪንስተን ይልኩ ነበር። በይፋ ከተመዘገቡት ክስተቶች የመጀመሪያው ለእኛ ቅርብ ነው፤ ነሐሴ 7 ቀን 1998 እ.ኤ.አ. በናይሮቢና በዳሬሰላም የአሜሪካ ኤምባሲዎች ላይ የደረሰውና ከ200 በላይ ሰዎች የሞቱበት ፍንዳታ። ከዚያ በኋላ የአዲስ ዓመት በዓላት፣ የመሬት መንቀጥቀጦች፣ የተመስጦ ስብሰባዎች ተመዘገቡ። እስከ 2015 መጨረሻ 500 ደረሱ፤ የድምሩ ውጤትም በዕድል ብቻ ሊሆን እንደማይችል ተነገረ።

እጅግ የታወቀው የመስከረም 11 ቀን 2001 ነው። የተመረጠው ጊዜ የመጀመሪያው አውሮፕላን ሕንጻውን ከመምታቱ 10 ደቂቃ በፊት ጀምሮ እስከ አራት ሰዓት በኋላ ያለው ነበር። ኤድዊን ሜይና ጄምስ ስፖቲስዉድ ያንኑ መረጃ ወስደው ሲመረምሩ፣ የጊዜው መጀመሪያና መጨረሻ በመጠኑ ቢቀየር አስደናቂ የተባለው ነገር እንደሚጠፋ አሳዩ። ልብ በሉ፤ ሜይ የዚህ ዓይነቱ ምርምር ጠላት አልነበረም፤ ዕድሜውን በዚሁ መስክ ያሳለፈ ሰው ነው።

ሌላም አለ። ሳጥኖቹ በሙቀት ወይም በእርጅና ወደ አንድ ወገን እንዳያደሉ ተብሎ፣ ከሚወጡት ቁጥሮች ግማሾቹ በሥርዓት ይገለበጣሉ። ታዲያ ከውጭ የመጣ ኃይል ሁሉንም ወደ «አንድ» ቢገፋ፣ ግማሹ ተገልብጦ ግፊቱ ይጠፋል። የሰዎች ትኩረት ሳጥኑን እንደ ነፋስ ይገፋዋል የሚለው አሳብ እዚህ ላይ ይሰናከላል። መረጃውን ለብዙ ዓመታት ሲተነትን የኖረው ፒተር ባንሴል ራሱ በ2017 ባሳተመው ጽሑፍ፣ መረጃው ዓለም አቀፍ ንቃተ ኅሊና የሚባለውን አሳብ እንደማይደግፍና ልዩነቱ ከተመራማሪዎቹ ምርጫ ጋር የተያያዘ መሆኑን ጽፏል።

ወደ ራሳችን ጉዳይ እንምጣ። ፕሮጀክቱ «ኖስፌር» የሚል ቃል ይወድዳል፤ ምድርን የሚከብብ የአሳብ ሽፋን ማለት ነው። ቃሉን ካስፋፉት አንዱ የኢየሱሳውያን ካህንና የቅሪተ አካል ተመራማሪ የነበረው ቴያር ደ ሻርደን ነው። (በ1920ዎቹ መጨረሻ ከአንሪ ደ ሞንፍሬ ጋር ወደ አገራችን መጥቶ ድሬዳዋ አጠገብ የፖርክ ኤፒክን ዋሻ ያየው እርሱ ነው።) በዚህ አሳብ ውስጥ ኀዘንም፣ ጭፈራም፣ ተመስጦም እኩል ይቆጠራሉ፤ የሚነገርለት፣ የሚለመን፣ «አይሆንም» ሊል የሚችል አካል የለም። እንግዲህ ሳጥኖቹ በእርግጥ ተነቃንቀው ቢሆን እንኳ፣ የሚያስረዱት የሰውን አሳብ ኃይል እንጂ ጸሎትን አይደለም። በቀርሜሎስ ተራራ 450 ሰዎች ከጥዋት እስከ ቀትር በአንድ አሳብ ሲጮኹ ነበር፤ የትኩረት እጥረት አልነበረባቸውም።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 1ንም ደግማችሁ አንብቡ። 120 ያህል ሰዎች በአንድነት ነበሩ፤ በዮሴፍና በማትያስ መካከል ዕጣ ጣሉ። ዕጣው ወደሚወድዱት ሰው እንዲያዘነብል አልተመኙም፤ የተመረጠው እንዲገለጥላቸው ጸለዩ። የምሳሌ መጽሐፍም በምዕራፍ 16 መጨረሻ የዕጣን ፍርድ ለማን እንደሚሰጥ ታውቃላችሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ ሐቀኝነት። የሚመቸንን ጥናት ከጠቀስን የማይመቸንንም መጥቀስ ሊኖርብን ነው። በ2006 ኸርበርት ቤንሰንና ባልደረቦቹ በስድስት ሆስፒታሎች የልብ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 1,802 ሕመምተኞች አጠኑ። የተጸለየላቸው እንደ ሆነ እርግጠኛ ካልሆኑት መካከል፣ ከተጸለየላቸው 52 በመቶው፣ ካልተጸለየላቸው 51 በመቶው ተጨማሪ ችግር ደረሰባቸው። እንደሚጸለይላቸው በእርግጥ ከተነገራቸው ውስጥ ግን 59 በመቶው ችግር ገጠማቸው። ይህን ከመድረክ የጠቀሰ ሰባኪ እስከ ዛሬ አልሰማሁም። እግዚአብሔርን በቁጥር ሠንጠረዥ ልናስገድደው አይቻልም ብለን ይህን ጥናት ብናልፈው ትክክል ነን፤ ግን ያው ምክንያት የፕሪንስተኑንም ሳጥን ከስብከታችን ያስወጣዋል።

ተማሪዬ ይህን ሁሉ ከሰማ በኋላ ትንሽ ተከራከረኝ። «ሕዝቡ ግን ይነቃቃል እኮ፣ መምህር» አለኝ። ይነቃቃል፤ አልካድኩትም። በሚቀጥለው ሳምንት ስብከቱን ያለዚያ መግቢያ አቀረበ፤ በቀጥታ ከዮናስ መርከብ ጀመረ። አምስት ደቂቃ ያህል አጥሯል።