የተረሱት በርሜሎች

ተከዜ ከላስታ ተራሮች ተነሥቶ ቁልቁል የሚወርድ ወንዝ ነው። እንደሚታወቀው በደጋው አፈር ላይ የፈሰሰ መርዝ በዝናብ ታጥቦ ቆላ ሲወርድ ዓሣውንም፣ አዕዋፉንም፣ ውሃ የምትቀዳውን ንብም ይጎዳል።

በአገራችን ከ1950ዎቹ ጀምሮ አንበጣንና ተምችን ለመከላከል በእርዳታና በግዥ የገባው ጸረ ተባይ ኬሚካል ከፍላጎት በላይ ስለነበር በየመጋዘኑ ተከማቸ። ከጊዜ ብዛት በርሜሎቹ ዛጉ፤ መርዙም ወደ መሬት ይንጠባጠብ ጀመር። ከነዚህ መካከል እንደ ዲ.ዲ.ቲ. ያለው በአፈርና በእንስሳት ስብ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይቆያል።

በ1992 ዓ.ም. መንግሥት ከተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) ጋር በመሆን የማስወገድ ሥራ ጀመረ። በአገር ውስጥ ተስማሚ ማቃጠያ ስላልነበረ መርዙ እንደገና ታሽጎ፣ ወደ ፊንላንድ ተጓጉዞ በከፍተኛ ሙቀት ተቃጠለ። በመጀመሪያው ምዕራፍ 1,500 ቶን ያህል ተወገደ። በ1995 ዓ.ም. የስቶክሆልም ስምምነት ጸደቀ፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ም ወጣ። የጸረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ተከተለ።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። መርዙን ለመግዛት ገንዘብ ወጣ፤ ለማስወገድም ሌላ ገንዘብ ወጣ። በመሆኑም ማኅበራት ለአንድ የምርት ዘመን ከሚበቃው በላይ ኬሚካል ማዘዝ የለባቸውም። ባዶው ዕቃም የውሃና የእህል ማስቀመጫ ሊሆን አይገባም። የላስታ ማር ንጹሕ የሚሆነው ንቧ የምትቀስመው አበባና የምትጠጣው ውሃ ንጹሕ ሲሆን ነው።